በጣሳ የመጣ መድኃኒት

ኢቲቻ ሰውን የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በሰገራው ነው እየተባለ ይታማ ነበር። ሐሜት ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ይኼኛው እውነት ነበር። ቀበና ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ክሊኒክ የላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ኖሯል። መንገድ ላይ ሰላም የሚለው የሰፈር ሰው ስም ይጠፋበትና፣ "እኚህ ያ ወስፋት የነበረባቸው ሰውዬ ናቸው" ይላል በሆዱ። ሚስቱ የሺሃረግ፣ ባለቤትሽ ምን ይሠራል ሲሏት "ሕክምና ላይ ነው" ትልና ወሬውን ወደ ሌላ ታዞረዋለች። እሱ ግን አያፍርም ነበር። ለምን ያፍራል? ልጆቹን ያሳደገበት ሥራ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራውን የተቀበለው ከጋሽ ኃይለ መስቀል እጅ ነው።

ጋሽ ኃይለ መስቀል የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። ኢቲቻ የላቦራቶሪ ኮርሱን ጨርሶ በ1984 ዓ.ም. እሳቸው ዘንድ ሲቀጠር ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና ወንበሩን አላሞቀም፤ እሱም የየካ አባዶ ገበሬ ልጅ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። የካ አባዶ ያን ጊዜ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር በወሬም ያልሰማ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት የገበሬ መንደር ነው። ዛሬ ያንን ለወጣት ብትነግረው ያላግጥብሃል።

ያኔ ሰው ናሙናውን የሚያመጣው በክብሪት ቀፎ ነበር። ማልዶ ጠረጴዛው ላይ ሠላሳ አርባ ቀፎ ይደረደራል። አንዳንዱ ጨዋ ደግሞ ቀፎውን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በክር አስሮ፣ በሁለት እጁ ያቀርበዋል። ኢቲቻ በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛውን ቀፎ ሲከፍት አልቻለም፤ ሮጦ ወጥቶ ወንዙ ዳር አስመለሰው። ዛሬውኑ ያባርሩኛል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ፣ ጋሽ ኃይለ መስቀል ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሡ "ታጠብና አራተኛውን ክፈት" አሉት። ለማንም አላወሩበትም።

መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም ነበር። አሮጌው ማይክሮስኮፕ ከሥሩ መስተዋት ነበረው፤ ጋሽ ኃይለ መስቀል እሷን ወደ መስኮቱ አዙረው የጠዋቷን ፀሐይ ይይዙና "ና፣ ተመልከት" ይሉታል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ የአልኮሉንም የሌላውንም ሽታ አሸንፎ ይገባል። ሽማግሌው በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩ ይኼ አሜባ ነው፣ ይኼ የምግብ ትራፊ ነው፣ በሽተኛ ይዋሽሃል፣ ይኼ ግን አይዋሽህም ይሉታል። ኢቲቻ ኋላ ላይ ብዙ አዳዲስ ማሽን አይቷል። የሚናፍቀው ግን ያ መስኮትና ያ ድምፅ ነው፤ ሲናፍቀው ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፣ ደረቱን ያመዋል።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ ቁስሉ ግን አመረቀዘ። ጠንካራ ፀረ ተሕዋስያን መርፌ በላይ በላዩ ተወጉ። ቁስሉ ሲደርቅ ሆዳቸው ተፈታ። ታከሙ፣ ቆመ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። እንደገና ታከሙ፤ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ፣ በጥር ወር፣ እዚያው ክሊኒካቸው አልጋ ላይ ሲተኙ አርባ አንድ ኪሎ ነበሩ። እኚያ ጋውናቸውን በራሳቸው እጅ ተኩሰው የሚለብሱ ሰው፣ ሴት ልጃቸው አፀደ በቀን አሥር ጊዜ አንሶላ ስትቀይርላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

የምታክማቸው ዶክተር ጵርስቅላ ወጣት ናት፤ ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተምራ የተመለሰች። አንድ ቀን ላቦራቶሪ ገብታ ከኢቲቻ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ጋሽ ኢቲቻ፣ ሲሪየስ ነገር ላማክርዎት። መድኃኒቱ መጥፎውን ብቻ አይደለም የገደለው፤ አንጀታቸው ውስጥ ያሉትን ጥሩዎቹንም ጨርሷቸዋል። ቦታው ባዶ ሲሆን ያ አንዱ መጥፎ ብቻውን ነገሠበት። አሁን የሚያስፈልገው መድኃኒት መጨመር አይደለም፤ ጥሩዎቹን መመለስ ነው።"

"ከየት ይመጣሉ?"

"ከጤነኛ ሰው ሰገራ።"

ኢቲቻ እየቀለደች መስሎት ጠበቃት። እሷ ግን ቀጠለች። ሰገራው በጨው ውሃ ይበጠበጣል፣ ቁስል በሚታሰርበት የጎዝ ጨርቅ ይጠለላል፣ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፣ ከዚያ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ለጋሹ የሚመጣበት ቀንና በሽተኛው የሚደክምበት ቀን ስለማይገጥም፣ ምርመራውም ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ማቆየት የግድ ነው። ግሊሰሪኑ ደግሞ በረዶው ተሕዋስያኑን እንዳይሰነጥቃቸው ይጠብቃቸዋል።

"የሺሃረግ ፊቷን የምትቀባው ግሊሰሪን?" አላት።

"እሱው፤ የኛው ግን የላቦራቶሪ ነው። ማቀዝቀዣም ጉርድ ሾላ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ፈቅዶልናል።"

ኢቲቻ ሃያ ሦስት ዓመት እዚያ ነገር ውስጥ ክፉ ክፉውን ሲፈልግ ኖሮ፣ ደግ ነገር ይኖርበታል ብሎ አንድ ቀን አስቦ አያውቅም። ወዲያው ግን አእምሮው ወደ አንድ ነገር ሄደ፤ ጋሼ ሊተርፉ ይችላሉ ማለት ነው።

ለጋሽ መፈለጉ የዋዛ አልነበረም። ኢቲቻ ጉርድ ሾላ የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ አስነገረ። መጋቢው ነገሩን በቀጥታ መጥራት ከብዷቸው "ለአንድ ሕመምተኛ ከሰውነታችሁ የምትለግሱ" አሉ፤ ሁሉም ደም መስሎት አሥራ ሁለት ሰው ተመዘገበ። ነገሩ ሲገለጥላቸው ሰባቱ ድንገት ቀጠሮ ትዝ አላቸው። ከቀሩት አምስቱ ወንድም ጌድዮን ቀዳሚ ነበር፤ ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን ጥሬ ሥጋ ወዳጅ ስለሆነ ኮሶ ትል ተገኘበት። እኅት ጸጋ ከመዘምራን ናት፤ ጉሮሮዋን በከረከራት ቁጥር ፋርማሲ ገብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ትገዛለች፤ መቼም በዚህ ከተማ አሞክሳሲሊን እንደ ማስቲካ ነው የሚሸጠው። እሷም ወደቀች። አንዱ ጃርዲያ፣ አንዱ አሜባ፣ ሌላው የጉበት ቫይረስ ይዞ ተገኘ። አምስቱም እንዲህ ሆነው ቀሩ።

ያን ጊዜ ነው ኢቲቻ ታናሽ ወንድሙን ዲንሳን ያሰበው። ዲንሳ አልተማረም፤ አባታቸው ሞፈሩን ለእሱ ነው የተዉት። መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ እንኳ ከፎቆቹ በስተጀርባ ተራራው ሥር የተረፈችውን ቁራሽ አልለቀቀም፤ ገብሱን ይዘራል፣ ባቄላውን ይዘራል። በአርባ አንድ ዓመቱ አንዲት ክኒን ውጦ አያውቅም። ኢቲቻ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሄዶ ነገረው። ዲንሳ ሳቀ፤ ሳቀና መቆም አቅቶት ትልሙ ላይ ቁጭ አለ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላውን ስትመረምር ኖረህ አሁን የኔን አማረህ?"

ሳቁ ሲያልቅለት ግን ዓይኑን ጠራርጎ ጠየቀ። "ሰውየው ምንህ ናቸው?"

"አስተማሪዬ ናቸው። እንጀራዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።"

"እና ምን ትለማመጠኛለህ? መቼ ልምጣ?"

ኢቲቻ ለምርመራ ትንሿን የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠው። ዲንሳ በቀጠሮው ጠዋት ጉርድ ሾላ ላቦራቶሪው ሲደርስ ግን ዕቃዋን አልያዘም፤ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑን ጠርቅሞ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቦ፣ አቅፎ መጣ። ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ በሚኒባስ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነው የመጣው። ወያላው "ፋዘር፣ ቅቤ ነው እንዴ?" ብሎት "ይበልጣል" ብሎ መልሶለታል።

"ይኼን ሁሉ ምን ላድርገው ዲንሳ? በማንኪያ የሚሞላ ነው ያልኩህ!"

"ሰውየው ሊሞቱ ነው አላልክም? ለሚሞት ሰው በማንኪያ ይሰጣል?"

ዲንሳ ደሙን ሰጥቶ ሲሄድ ኢቲቻ ጣሳውን ይዞ ቀረ። ለምርመራ የሚበቃውን ቀነሰ። የቀረውን መጣል ነበረበት፤ ዶክተሯ ምርመራው ያልተጠናቀቀ ነገር ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዳይገባ አጥብቃ ነግራዋለች። ግን እንዴት ይጣለው? ወንድሙ ሁለት ሚኒባስ ይዞ አቅፎት የመጣውን? እጄን ላፍታታበት አለና በጠበጠው፣ አጠለለው፣ ግሊሰሪኑን ለካ፣ ሦስት ጠርሙስ ሞላ። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ፣ "ለጋሽ ስድስት፣ ሙከራ" የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ ከማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ ጥግ ከተተው። ለማንም አልተናገረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የዲንሳ ውጤት ሁሉ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ዶክተር ጵርስቅላ ወረቀቱን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ዘለለች፤ ሐኪም ስትዘል ማየት ብርቅ ነው። ለሐሙስ ተቀጠረ። ደሙ እንደ ደንቡ ሁለተኛ ጊዜ ይመረመራል፤ ከዚያ እሱም ሰጥቶ፣ እነሱም አዘጋጅተው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለጋሼ ይሰጣቸዋል። ጋሽ ኃይለ መስቀል በዚያ ሳምንት ከአልጋው ቀና ማለት አቅቷቸው ነበር።

ሐሙስ ዲንሳ ታጥቦ፣ የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ ከስቶ መጣ። የሰጠው ነገር ውሃ ነበር። ኢቲቻ ዓይኑን ማመን አቅቶት ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገብቶ አየው፤ ያ ከሦስት ሳምንት በፊት ሲርመሰመስ ያየው ዓለም የለም፤ ከውሃና ከንፍጥ በቀር ይኼ ነው የሚባል ነገር አልነበረውም።

"ምን በላህ?" አለው ወጥቶ።

"ምንም። ማክሰኞ ኮሶ ጠጣሁ።"

"ምን?"

"ኮሶ። የላይኛው ጎረቤታችን ከእንጦጦ ዛፉ ሥር የለቀሙትን አምጥተውልኝ። ጥርግ አድርጎልኛል" አለና ፈገግ አለ።

"ማን ጠጣ አለህ? ማን ነው ኮሶ ጠጣ ያለህ?" ኢቲቻ ጮኸ። በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው፤ ጽዳት የምትሠራው ሴት ከነመወልወያዋ ቆመች።

ዲንሳ ፈገግታው ጠፋ። "አንተ የሚሞቱ ሰው ሆድ ውስጥ ይገባል አልከኝ። አስተማሪዬ ናቸው አልከኝ። ለሰው የሚሰጥ ነገር እንዲሁ ከነቆሻሻው ይሰጣል? እኔ ለእንግዳ ውሃ ስሰጥ እንኳ ጣሳውን አለቅልቃለሁ።"

ኢቲቻ ደንቡን ሁሉ ነግሮታል፤ ክኒን አትዋጥ፣ መርፌ አትወጋ፣ ውጭ አትብላ ብሎታል። ኮሶ አትጠጣ ግን አላለውም። ዶክተሯ ከውጭ ይዛው የመጣችው ቅጽም አላለም፤ ቅጹን የጻፉት ሰዎች ኮሶን የት ያውቁታል። ያጠፋው ዲንሳ አልነበረም፤ እዚያው እርሻ ላይ ያደገው፣ አባቱ በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ ያየው ኢቲቻ ነው። ይኼን ሲያስብ በጩኸቱ አፈረና የወንድሙን ኮት ኮሌታ እንደ ልጅ አስተካከለለት።

ዶክተር ጵርስቅላ ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። "የሱ አንጀት እስኪመለስ ቢያንስ ስድስት ሳምንት እንጠብቃለን። ጋሼ ደግሞ ሁለት ሳምንት የላቸውም።"

ኢቲቻ የዚያን ጊዜ ነው የተናዘዘው። ስለ ጣሳው፣ ስለ ሦስቱ ጠርሙሶች፣ ስለ ታችኛው መደርደሪያ ነገራት። ከሥራ ብታባርረኝም እውነቷ ነው ብሎ ነበር።

እሷም ተቆጣች፤ ቁጣዋ በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ አለቀ። ከዚያ ግን የራሷንና የእሱን ማስታወሻ ዘርግታ ቀኖቹን አገናኘች። በጣሳ የመጣው ያ የመጀመሪያው ናሙና፣ የተመረመረውና ንጹሕ የተባለው ራሱ ነው። ቀሪው የሐሙሱ ደም ብቻ ነው፤ ኮሶ ደግሞ ደምን አያጥብም።

"ደሙ ነጻ ከሆነና ያቀዘቀዙት በሕይወት ካለ እንሰጣቸዋለን" አለች። "ግን ጋሽ ኢቲቻ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ከደበቁኝ አብረን አንሠራም።"

"አይደገምም ዶክተር።"

የደሙ ውጤት ነጻ ሆኖ መጣ። አንዱን ጠርሙስ ለብ ባለ ውሃ አቅልጠው፣ ተሕዋስያን በሚያድጉባቸው ሳህኖች ላይ ቀብተው፣ አየር በማያስገባ የላቦራቶሪ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው፣ ይበቅል እንደሆነ ሁለት ቀን ጠበቁ። ኢቲቻ በእነዚያ ሁለት ቀናት ጥፍሩን በላ። ለሙከራ ብሎ የሠራው ነው፤ ግሊሰሪኑ በዝቶ ይሆን? አንሶ ይሆን? ማቀዝቀዣው መብራት ጠፍቶበት ይሆን? በሦስተኛው ቀን ማሰሮውን ሲከፍቱ ሳህኖቹ ከዳር እስከ ዳር በቅለው ነበር። በሕይወት አሉ። ዶክተሯ "አሉ!" አለች፤ እሱ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ አነሣቸው።

ለጋሽ ኃይለ መስቀል ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነበር፤ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ቅጹም ተነበበላቸው፤ ለጋሹ በሽተኛውን አያውቅም፣ በሽተኛው ለጋሹን አያውቅም። ኢቲቻና ዲንሳም እንደዚያው ፈርመዋል፤ ዲንሳ የሚያውቀው አንድ አስተማሪ መሆናቸውን ብቻ ነው፣ ስማቸውንም አልሰማም። ሽማግሌው ሁሉን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ልየው።"

ኢቲቻ ከዕቃ ቤት አሮጌውን ማይክሮስኮፕ አቧራውን ጠርጎ አልጋቸው አጠገብ አቆመው፤ ለሙከራ ከቀለጠው አንዲት ጠብታ ከሥሩ አስገብቶ መስተዋቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አፀደ ከጀርባ ደገፈቻቸው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ማስተካከያዋን እያዞሩ ረጅም ጊዜ አዩ።

"ማጥለሉ ላይ ሰንፈሃል" አሉ በመጨረሻ፤ "ድርብ ጨርቅ አታውቅም?" ከዚያ ተመልሰው ተኙ። "በሉ፣ ስጡኝ።"

በቀጭን ቱቦ፣ ከታች በኩል፣ አንዱ ጠርሙስ በዕለቱ ሁለተኛው በማግሥቱ ተሰጣቸው። በአራተኛው ቀን አፀደ ናሙና ይዛ ላቦራቶሪ ገባች። ዕቃውን አስቀምጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኢቲቻ ከፈተው። ቅርጽ ነበረው። በሕይወቱ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ውጤት ጽፎ ይሆናል፤ ያን ቀን "ጤናማ" ብሎ የጻፋት አንዲት ቃል ግን እንባው ወርዶባት ቀለሟ ፈሰሰ፤ ሌላ ወረቀት መጻፍ ነበረበት። በፋሲካ ጋሽ ኃይለ መስቀል ሃምሳ ሦስት ኪሎ ሆነው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ክሊኒኩ መጡ።

ዲንሳ ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ "ሰውየዬ እንዴት ናቸው?" ማለት ልማዱ ሆነ። ሰውየዬ ነው የሚላቸው። ኢቲቻ ደህና ናቸው ይለዋል።

"አንድ ቀን ሰላም ብላቸው ምን ይሆናል? ምንም አልናገር።"

"ፈርመሃል እኮ።"

ዲንሳ አይጨቃጨቅም፤ ወደ ገብሱ ይመለሳል። ኢቲቻ ግን በልቡ አንድ ሐሳብ ነበረው። ሁለቱንም በአንድ በዓል ቤቱ ይጠራቸዋል፤ ወንድሜ ነው፣ አስተማሪዬ ናቸው ብሎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ያ ደንብ አያፈርስም፤ ዲንሳም ይገባዋል፣ በዓይኑ ያያቸዋል፣ ይበቃዋል። ዘንድሮ እያለ፣ የሺሃረግ ቤቱ ይቀባና እያለች፣ ሦስት ዓመት ሄደ።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ የአሸዋ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት፣ ዲንሳን ከእርሻው ወደ ቤቱ መንገድ ሲሻገር ገጨው። አርባ አራት ዓመቱ ነበር።

ለቅሶው በፎቆቹና በተራራው መካከል በተተከለ ድንኳን ሆነ። ገበሬውም፣ የኮንዶሚኒየሙ ሰውም፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሰው ሞላበት። ኢቲቻ ሰው እየተቀበለ፣ ወንበር እያስተካከለ፣ ዓይኑ ደርቆ ዋለ። ወደ ከሰዓት ጋሽ ኃይለ መስቀል ከቀበና ድረስ በሚኒባስ መጥተው፣ በከዘራቸው ድንኳኑን እየቃኙ ገቡ። ለዲንሳ አይደለም የመጡት፤ ለኢቲቻ ነው። ከጎኑ አስቀመጣቸው። ንፍሮ ተሰጣቸው።

"ወንድም እንዳለህ እንኳ አላውቅም ነበር" አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ይኼን ሁሉ ዓመት፣ አንድ ቀን ሳታገናኘኝ! ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

ኢቲቻ አፉን ከፈተ። የፈረመው ወረቀት አለ፤ ዲንሳ የፈረመውም አለ። "ቸር ነበር" አለ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አሉና ሽማግሌው ከንፍሮው ዘግነው አላመጡ። ጥርሳቸው ባይረዳቸውም አጣጥመው ዋጡ፤ እንደገና ዘገኑ። "ሆዴ ደህና ከሆነ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ እበላለሁ" አሉ አፈር ብለው።

ኢቲቻ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ መጣ። "ይብሉ ጋሼ" አለ፤ "ይብሉልኝ።" ሽማግሌው ሳህኑን አስቀምጠው፣ ያጽናኑት እየመሰላቸው እጁን ያዙት። ኢቲቻም ያን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሊያስተዛዝን የመጣው ሰው ተራ እየጠበቀ፣ አልለቀቀውም።